ፊቱን ወደ መንገድ

ባሌ ቁልፍ ሠሪ ነው። የሠፈሩ ሰው ግን "እሺ" እያለ ነው የሚጠራው፤ ምን ብትጠይቁት እሺ ስለሚል። "እሺ የለም እንዴ?" እያሉ ሱቁ በር ላይ ሲጣሩ እሰማለሁ። ስናደድ እኔም "አንተ እሺ!" እለዋለሁ። እሺ ይላል።

እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ በዓለም ላይ ካለ ሥራ ሁሉ መጠርጠር የሚፈልገው ይሄ ነው። እሱ ደግሞ መጠርጠር ሲታደል አልነበረም። "ቁልፌ ጠፋብኝ" ያለውን ሁሉ አምኖ፣ ሞረዱንና ሽቦውን በከረጢት ይዞ ይከተላል። ቁልፉ ቀጭ ሲል በሩን በጣቱ ገፋ ያደርግና ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ይቆማል። አንድም ቀን የሰው ቤት ውስጥ አይቶ አያውቅም። "የሰው ቤት ገመና ነው፤ እኔ የተጠራሁት ለቁልፉ ነው" ይላል። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፤ "ኧረ ሰው ምራቁን የሚውጠው በስንት ዓመቱ ነው?" እያልኩ አንጨረጭረው ነበር።

ባለፈው ክረምት ዓይኑን በጨው ያጠበ አንድ ጎልማሳ መጣና "ቤቴ ተቆለፈብኝ" አለው። ከኛ ራቅ ያለ ሠፈር ወሰደው። ከፈተለት፣ ፊቱን አዞረ። አንዴ ወደ ውስጥ ቀና ብሎ ቢያይ ኖሮ የተሰቀለውን የሴት ቀሚስ፣ የክሩን መዓት፣ መቀሱን ያይ ነበር፤ ቤቱ ብቻዋን የምትኖር የአንዲት ልብስ ሰፊ ነዋ! ሰውዬው የስፌት መኪናዋን ታቅፎ ብቅ አለና "ወንድሜ፣ እስቲ በዚያ በኩል ያዝልኝ" አለው። የኔው ጉድ እሺ አለ። ጋሪው ድረስ አብሮ ተሸክሞ፣ "በርታ" ብሎ ሸኘው።

ፖሊስ ባሌን ሊወስደው ሲመጣ ሳቄም እንባዬም እኩል መጣብኝ። የሠፈሩ ሰው ጣቢያ ድረስ ግልብጥ ብሎ ሄዶ መሰከረለት። ጎረቤታችን እማማ አዋላጇማ "እሱ ሌባ ከሆነ እኔም ሌባ ነኝ፣ እሰሩኝ!" ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ለቀቁት። የስፌት መኪናውን ግን ውሃ በላው።

ከዚያ ወዲህ ባሌ ተለወጠ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? መታወቂያ ይጠይቃል፤ ምስክር አምጡ ይላል። በር ሲከፍት አንገቱን አስግጎ ውስጥ ውስጡን ያማትራል። መጀመሪያ ልቤ ቅቤ ጠጣ፣ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። "ተመስገን፣ ነቃልኝ!" አልኩ።

ንቃቱ ግን እቤትም ገባ። "ማን መጥቶ ነበር? ይሄን ብርጭቆ ማን አነሳው?" ስመልስለት እውነቴን መሆኑን ለማወቅ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔን! አንድ ቀን ደግሞ እማማ አዋላጇ ቁልፋቸውን ውስጥ ረስተው፣ ዝናብ ላይ ቆመው ቢለምኑት "ቤቱ የእርስዎ ለመሆኑ ምስክር ይምጣ" አላቸው። እሱን ራሱን ከእናቱ ሆድ የተቀበሉትን ሴትዮ! ሮጬ ሄጄ ከጮህኩበት በኋላ ከፈተላቸው። እሳቸው አልተቆጡም። ጉንጩን ዳበስ አድርገው "ልጄን ምን አደረጉብኝ?" ብለው ገቡ።

ያን ቀን ተደብቄ አለቀስኩ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ስሰድበው የኖርኩት የምወደውን ነገር ነው። አሁን ተመለስ ብዬ ብለምነው በየት በኩል ይመለሳል? የሰው ልብ ቁልፍ አይደል፣ ሞርጄ አልሠራው።

ትናንት ወዲያ ምሳውን ይዤለት ሱቁ ቁጭ ብያለሁ፣ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ከች አለች። ባሌ ሞረዱን አስቀምጦ ተነሣ።

"ቁልፌ ውስጥ ቀረ፤ ና ክፈትልኝ" አለችው።

"እኔ?" አለ። "እህቴ፣ ሌላ ቁልፍ ሠሪ እኮ አለ።"

"አለ። ካንተ በኋላ ቁልፉን የቀየረልኝ እሱ ነው። ሲሠራ አልጋዬን ሳይቀር በዓይኑ ለካው። ይኸው እስከ ዛሬ 'ብቻሽን ነሽ?' እያለ ይመላለስብኛል።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ባንተ በጣም ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን ጣቢያ 'ውስጡን አላየሁም' ስትል ሁሉም ሲስቅ እኔ አልሳቅኩም። አይቶ ከሚመላለስብኝ ሳያይ የተታለለው ይሻለኛል። በል እንሂድ።"

ከረጢቱን እኔ ተሸክሜ ተከተልኳቸው። እነሱ በሩ ጋ ሲደርሱ ከረጢቱን አቀብዬው እኔ መንገዱ ላይ ቆምኩ። ሽቦውን አስገባ፣ ነካካው፣ ቀጭ አለ። በሩን በጣቱ ገፋው። የስፌት መኪናው የነበረበት ጠረጴዛ ባዶውን እንደቆመ ከመንገድ ሆኜ አየሁት። የሱም አንገት እንደ ሰሞኑ ልማዱ ወደ ውስጥ ይሰግግ ጀመረ። ኧረ በፈጠረህ አትይ፣ አልኩ በሆዴ።

ቆም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ መንገድ፣ ወደኔ አዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ግን ያ የድሮው ፊቱ ነው፣ የማውቀው።

"ገባች?" አለኝ ወደ በሩ ሳይዞር።

"ገባች" አልኩት።

እውነቴን ይሁን ውሸቴን ዓይኔን አልመረመረም።

"እሺ" አለ።