አምስት ሳንቲ ሜትር ይዞ እንጦጦ መውጣት

ቅዳሜ ጠዋት ከፒያሳ የተነሳነው አራት ሆነን ነው። አምስተኛው ሸኝቶን ተቀበለን እንጂ አብሮን አልወጣም። አንድ በአንድ ልጻፋቸው። ሰላም ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራዋ ነች፤ ዳገት ላይ ማናችንም ደርሰንባት አናውቅም። ከድር ከአባቱ ጋር የሱፍ ጨርቅ ይሸጣል፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት ነው፤ ምላሱ ከዚያም ይረዝማል። ጋሽ ወልዴ ብስክሌት ሠሪ ናቸው፤ ከሰፈራችን ልጆች ጎማ ያልለጠፉለት የለም። እኔ ናሆም ነኝ፤ አንድ ሜትር ከስልሳ ሰባት። አምስተኛው አባቴ ነው። ፒያሳ ውስጥ ልብስ ይሰፋል፤ ከድርና አባቱ የሚሸጡት ጨርቅ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ዓላማችን አንድ ብስክሌት መሞከር ነበር። ነገሩ ግን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ይጀምራል።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ሳይነግረኝ የተራራ ብስክሌት እየገፋ ቤት ገባ። ቴላዮው፣ ማለትም መካኒኮች እንደሚሉት ዋናው የብረት አካሉ፣ ሃያ አንድ ኢንች ነው። ለረጅም ሰው የተሠራ። አባቴ «ታድግበታለህ» አለኝ። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ በዚህ ቃል ነው ያደገው። የዩኒፎርሙ እጅጌ ጣት ይሸፍናል፤ ጫማው ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፤ በሁለተኛው ዓመት ሁሉም ልክ ይሆናል። አባቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው። «ትልቅ ልብስ ይጠባል፤ ትንሹን ግን ጨርቅ ከየት አምጥተህ ትጨምርበታለህ?» ይላል። እኔ አንድ ሜትር ከስልሳ ሰባት ላይ ቆምኩ። ብረቱም በመርፌ የሚጠብ አልሆነም።

መቀመጫውን እስከ ታች አውርጄ፣ ትራፊክ መብራት ላይ ለመቆም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ እየፈለግሁ ነዳሁት። እንጦጦን ግን አንድ ቀን እንኳ እግሬ መሬት ሳይነካ ወጥቼው አላውቅም። ጉልበት የለኝም ብዬ አምኜ ነበር። በሱቁ በር ሳልፍ አባቴ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «አየህ? ልክ ሆነልህ!» ይለኛል። እኔም «ልክ ሆነ» እለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ወልዴ እጅ አሥራ ሰባት ኢንች ቴላዮ ያለው ብስክሌት ገባ። «ያንተን ስጠኝና ውሰደው። ሌላ ፈላጊ ስላለው ግን ከቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት አያልፍም» አሉኝ። ስለዚህ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሁለት ነገር ማወቅ ነበረብኝ። ችግሩ ብስክሌቱ ነው ወይስ እኔ? ብስክሌቱ ከሆነስ ለአባቴ እንዴት ነው የምነግረው?

ጠዋት 1፡10፣ አፍንጮ በር

አባቴ «በሰላም ግቡ» ብሎ ሸኘን። እኔ እሱ የገዛልኝን ብስክሌት ይዣለሁ፤ ምን ላደርገው እንደሆነ አላወቀም። ከፒያሳ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ቁልቁል ተንደረደርን። አስፋልቱ ገና እርጥብ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ድሮ የሚሠሩት ውቤ በረሃ ነበር። ቤቱ ሲፈርስ አፍንጮ በር አንዲት ጠባብ ክፍል አገኙ። ብስክሌቶቹ ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ከድር ገና ሲገባ ዓይኑ አዲስ ቀይ ብስክሌት ላይ አረፈ።

«ናሆሜ፣ ይሄ ባለ ሃያ ዘጠኝ ኢንች ጎማ ምን በደለህ? ድንጋዩን እንደ አውቶቡስ እኮ ነው የሚረግጠው!»

«ላንተ እግር ይሆናል። እኔ ጠባብ ኩርባ ላይ ማዞር ያቅተኛል።»

«ጋሽ ወልዴ፣ ይሄ ልጅ ብስክሌት ሊወስድ ነው ወይስ ሚስት ሊያገባ?»

«አንተ ሁለቱንም ሳትለካ ነው የምትገባበት» አለች ሰላም።

ጋሽ ወልዴ ሳቃቸውን በጨርቅ ጠረጉት። ከዚያ የኔን ትንሽ ብስክሌት አወረዱ። ግራጫ ነው፤ ቀለሙ ሁለት ቦታ ተፍቋል። በመጀመሪያ ከላይኛው ብረት ግራና ቀኝ እግሬን አድርጌ ቆምኩ። በብረቱና በሱሪዬ መካከል አራት ጣት ገባ። በአባቴ ብስክሌት ላይ ይህን የማደርገው በጣቶቼ ጫፍ ቆሜ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ብረቱ ይነካኛል።

«ያንተ የውስጥ እግር ልክ በትክክል ስንት ነው?» አለችኝ ሰላም።

«አላውቅም።»

«የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነህ ሜትር አጣህ?»

«ሜትሩን ብጠይቀው ለምን እንደፈለግሁት ይጠይቀኛል።»

ሰላም ወደ መቀመጫው ጎንበስ አለች።

መቀመጫውን ያስተካከልነው በተረከዝ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝ ተጭኖበት ጉልበት ቀጥ ካለ፣ በእግር መዳፍ የፊት ክፍል ሲነዱ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፤ ትክክሉ ያ ነው። መሪውን ስይዝ ክርኔ ላላ አለ፤ ትከሻዬ ወደ ፊት አልተጎተተም። የፍሬኑን እጀታ አንድ ጣት ብቻ ዘርግቼ አገኘሁት። የአባቴ ብስክሌት ከፊት ሦስት ማርሽ አለው፤ ይሄ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ጥርስ። ከኋላ ያለው ትልቁ ማርሽ አርባ ስድስት ጥርስ ስላለው ለዳገት ያ ይበቃል። ሰንሰለቱም ከማርሽ ማርሽ ሲዘል የሚወልቅበት አጋጣሚ ይቀንሳል። ጎማዎቹ ሃያ ሰባት ተኩል ኢንች ናቸው፤ ስፋታቸው ሁለት ኢንች ከሩብ ነው። የፊተኛው ጉጦች ረዘም ብለው የተራራቁ ናቸው፣ አፈር እንዲነክሱ። የኋለኛው አጠር ብለው ተቀራርበዋል፣ ሳይጎትት እንዲንከባለል። እኔ ይህን ሁሉ በደብተሬ ስጽፍ ከድር ብስክሌቱን ይዞ ውጭ ነበር። ምን ሲሠራ እንደነበር በኋላ ታወቀ።

የአባቴን ብስክሌት ከድር ይንዳው ተባለ። ጋሽ ወልዴ መቀመጫውን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አደረጉለት። ወጣበት፣ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረ፣ ምንም አልተናገረም። ከድር ምንም ሳይናገር ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ነው።

2፡25፣ ሽሮ ሜዳ

ስድስት ኪሎን አልፈን ሽሮ ሜዳ ቁርስ በላን። ቦምቦሊኖ ሃያ ብር፣ ሻይ አሥራ አምስት። የሐበሻ ቀሚስ ሻጮች ሱቃቸውን እየከፈቱ ነበር። ሻይ የቀዳችልን ሴት ብስክሌቶቹን አየቻቸው።

«በዚህ ነው እንጦጦ የምትወጡት? ታክሲ እያለ?»

«ሐኪም አዞለት ነው፣ እህቴ» አላት ከድር ወደ እኔ እያመለከተ።

«እንግዲያው ሐኪሙ ጠልቶታል» ብላ ለኔ አንድ ቦምቦሊኖ ጨመረችልኝ። ብር አልተቀበለችም።

3፡00፣ ዳገቱ

ከአስፋልቱ ወጥተን ባሕር ዛፍ ውስጥ የሚገባውን የአፈር መንገድ ያዝን። ደንቡን እኔ አወጣሁ፦ ከመንገዱ መጀመሪያ እስከ ላይኛው ሜዳ እግር መሬት ከነካ አልተቆጠረም። ሁለት ኩርባ ያለ ችግር አለፍኩ። ጉልበቴ አላቃጠለኝም፤ ወገቤ ምንም አላለም። ሳቅ ሳቅ አለኝ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የደረቀ ቅጠል ተከምሯል። የኋላ ጎማው ቅጠሉ ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ብስክሌቱ ግን ካለበት ሳይንቀሳቀስ ቀረ። እግሬ መሬት ነካ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም። ለካ ችግሩ እኔ ነበርኩ አልኩ በልቤ።

ጋሽ ወልዴ ብስክሌታቸውን እየገፉ ደረሱ። ጎማዬን በአውራ ጣት ተጫኑና ደነገጡ። «ይሄን ማን ነው እንዲህ ያስነፋው? ድንጋይ እኮ ነው!»

ከድር አንገቱን አከከ። «ጎሚስታው ጋ ወስጄ ነው። ጎማ ካልጠጠረ ተነፋ ይባላል እንዴ? የታክሲ ጎማ አላዩም?»

«ታክሲ አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል። ይሄ አንድ ናሆም ነው የሚጭነው። ጎማው እሺ ብሎ ካልተጫነ አፈሩን በምን ይያዘው?»

አስተነፈሱት። ሲጫኑት ትንሽ ጎድጎድ እስኪል ድረስ። ይህንኑ ቅጠል ስትጠርግ የነበረች ሴትዮ የታሰረውን ሸክሟን አስደግፋ ታየን ነበር። በየቀኑ በዚያ እንደምትመላለስ ነገረችን።

«ልጄ፣ ቅጠሉ ላይ ለምን ትወጣለህ? እኛ እንኳ በእግራችን አንረግጠውም። በውጭ በኩል ዙር፤ እዚያ ሥሩ ወጥቷል፣ ይይዝልሃል።»

«እሺ እናቴ።»

ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ከድር «እዚሁ ጀምር፣ ማን ያይሃል?» አለኝ። እኔ ራሴ አያለሁ። ሁለቱን ኩርባ ደግሜ፣ በሦስተኛው ወደ ውጭ ሰፋ አድርጌ ዞርኩ። የፊት ጎማው ሥሩን ነከሰ፣ የኋላው ተከተለ። ባለ አርባ ስድስት ጥርሱ ማርሽ ላይ ነኝ፤ እግሬ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይዞራል። አራተኛው ኩርባ፣ አምስተኛው። ሰላም ከላይ «በል! በል! በል!» ትላለች። ዛፉ አለቀ፣ ሰማይ መጣ፣ ሜዳው ላይ ነኝ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር።

ጮህኩ። ጮኼ አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ በሙሉ ከታች ተዘርግታለች፤ ፒያሳ ያለውን የጊዮርጊስን አካባቢ በዓይኔ ፈልጌ አገኘሁት። እዚያ አንድ ሰው አሁን ሱሪ ያሳጥራል ብዬ አሰብኩ።

ትንሽ ቆይቶ ከድር ደረሰ። እሱም አልወረደም። «ሰምተሃል» አለኝ እያለከለከ፣ «ይሄ ብስክሌት አላሰናከለኝም። ጉልበቴ መሪው ጋ አልደረሰ፣ ወገቤ አልታጠፈ። ጋሽ ወልዴ፣ ይሄን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ።»

9፡40፣ ፒያሳ

ቁልቁለቱ ፍሬን መፈተሻ ነው፤ የዲስኩ ፍሬን በአንድ ጣት ያዘኝ። አራታችንም አባቴ ሱቅ በር ላይ ቆምን። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ነበረው።

አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ ከድርን በሱ ብስክሌት ላይ፣ እኔን በግራጫው ላይ አየ። «ተለዋወጣችሁ?»

«አባዬ፣ ያንተ ብስክሌት ትልቅ ነበር። መጀመሪያም ትልቅ ነበር። ዛሬ በዚህኛው ብስክሌት እግሬ መሬት ሳይነካ እንጦጦ ወጣሁ።»

አባቴ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረደ። «ጫማህን አውልቅ። ግድግዳውን ተደገፍ።» ለደንበኛ እንደሚያደርገው ተንበርክኮ የውስጥ እግሬን ለካ፦ ሰባ ስድስት። ከዚያ ወደ ብስክሌቱ ሄዶ ከመሬት እስከ ላይኛው ብረት ለካ፦ ሰማንያ አንድ።

«አምስት ሳንቲ ሜትር» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት አምስት ሳንቲ ሜትር ተሸክመህ ስትዞር ዝም አልከኝ?»

«ደስ ብሎህ ነበር፣ አባዬ።»

«እኔ ሰው ሳልለካ መቀስ አላነሳም። ድንገት ላስደስትህ ብዬ ሳልለካ የገዛሁት ዕቃ ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ምነው ሜትሩን ብትጠይቀኝ!»

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባቴ ቀና ብሎ ከድርን ጠራው። «አንተ ረጅሙ፣ ና ቁም እዚህ።» ለካው፦ ሰማንያ ስምንት። ሜትሩን አንገቱ ላይ መለሰና የብስክሌቱን መቀመጫ መታ መታ አደረገው። «ይሄ ላንተ ነው የተሰፋው። ቁልፍ እንኳ አይነካም።»

ግራጫው የኔ ሆነ። ትልቁን ከድር ከጋሽ ወልዴ ወሰደ፤ አሁን በየቀኑ በአባቴ ሱቅ በር ያልፋል። ከጉዞው የተማርኩትን ብስክሌት ለመግዛት ለሚያስብ ሁሉ እነግራለሁ፦ ከቀለሙና ከማርሹ በፊት የራስህን እግር ለካ፤ ጎማውን ለመሬቱ እንጂ ለዓይን አታስነፋ፤ መንገዱን በእግሩ ከሚያውቀው ሰው ጠይቅ። ሜትር ያለው ሰው ቤትህ ካለ ደግሞ ፈርተህ አትለፈው።

ሰላም፣ ከድር፣ ጋሽ ወልዴ፣ ይህን ካነበባችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። የኩርባዎቹ ቁጥር ስድስት ከሆነ አርሙኝ። የሻዩንም ዋጋ። አንድ ነገር ግን ከናንተ ሌላ የሚያውቅ የለም። አባቴ ተንበርክኮ እግሬን ሲለካ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ጣሪያውን ነበር የማየው፤ ቁልቁል ለማየት አልደፈርኩም። እናንተ በሩ ላይ ቆማችሁ ነበር። ፊቱ ምን ይመስል ነበር?