ጋቢያችንን የተበደረው ሲኒማ

ከቀትር በኋላ ነው... ዳንግላ፣ የገበያ ቀን። ዘመኑ ሃምሳዎቹ፤ እናንተ የስልክ ልጆች ገና አልታሰባችሁም።

ሲኒማ አሳዪ በመኪና መጥቶ እህል መጋዘኑ ውስጥ ነጭ አንሶላ ሰቀለ። በመስኮቶቹ የሚገባው ብርሃን ግን አስቸገረው። «ጋቢ አበድሩኝ» አለ። አባቴ ቀድሞ አወለቀ፣ ሰዉም ተከተለው። መስኮቶቹ ሞቃቸው፣ እኛን በረደን።

ፊልሙ ስለ ጣሊያን ወረራ ነው። የሠሩት ፈረንጆች፣ የሚተረጉመው አሳዪው ራሱ። የኛ የተባለው ፈረሰኛ እግሩን ከነቡትስ ጫማው እርካብ ውስጥ ከትቶ ብቅ ሲል ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። የአገው ፈረሰኛ እኮ እርካብ የሚይዘው በባዶ እግሩ አውራ ጣት ነው።

«እሱስ አልጋ ላይ ነው የወጣው» አለ አባቴ።

ከዚያ መትረየስ ተንጣጣ... ፈረሰኞቹ ቁስለኛቸውን ጥለው ሸሹ። አሳዪውም «ቁስለኛ ማንሣት ልማዳቸው አልነበረም» ብሎ ተረጎመ።

ሣቁ ቆመ። አባቴ ጭኑ ውስጥ ጥይት ይዞ የሚያነክስ አርበኛ ነው። በቆሰለ ቀን ፈረሱ ላይ ጭኖ ያወጣው ባልንጀራው፣ ሌላ ቁስለኛ ላንሣ ብሎ ተመልሶ እዚያው ቀርቷል። የዚያ ሰው ሚስት ከፊታችን ተቀምጣለች። አንገቷን ስትደፋ አየኋት።

አባቴ ተነሣ። «አቁመው።»

«አባት፣ ይቀመጡ። ታሪክ ነው።»

«ታሪኩ ጭኔ ውስጥ አለ። ቁስለኛ ጥለን አንሸሽም ነበር በልና ተርጉም።»

«ፊልሙ ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«እንግዲያው ጋቢዬን መልስ።»

መልስም አልጠበቀ። እያነከሰ ሄዶ ከመስኮቱ ላይ ሳበው። ግማሹ ጦር በፀሐይ ጠፋ።

ሴትዮዋም ተነሣች። «ያኛው የባሌ ጋቢ ነው» ብላ አወረደችው። ከዚያማ ማን ይቀራል... አንሶላው ባዶ ሆነ።

«ኧረ ጎበዝ፣ መጨረሻው ሳይታይ?» አለ አሳዪው።

«መጨረሻው እሷ ናት። ጠይቃት» አለ አባቴ።

ሰውዬው መቼም ክፉ አልነበረም፤ ሞተሩን አጥፍቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እሷ በአገውኛ ጀመረች። አሳዪው አንድም ቃል አልገባውም፤ ስለዚህ በዚያ ቀን የቀረውን አባቴ ተረጎመ።

የልጅ ልጆቼ፣ ስለ እናንተ የሚያወራ ፊልም ስታዩ... መጀመሪያ ጋቢያችሁ የት እንደተሰቀለ እዩ።