እንዳትዘጊው

እናቴ ዓይኗ እየደከመ መሆኑን የሰማሁት ሚዛን ተፈሪ ለሥራ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ደብረ ማርቆስ የሚያስተምረው ታናሽ ወንድሜ ሐኪም ቤት ቢወስዳት የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም አሉት። እሷ ስለ መድኃኒቱ አንድም ነገር አልጠየቀችም። «ልጄን ሳላያት ነው ወይ?» ብቻ አለች።

ከሚዛን እስከ ማርቆስ ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ነው። ፈቃድ ብጠይቅ ከፋሲካ በፊት አይሆንም አሉኝ፤ ወሩ ደግሞ ገና ኅዳር ነበር። ወንድሜ በስልክ «እታለም፣ እስከ ፋሲካ እንኳ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ በኢንተርኔት እንድንተያይ አሰበ። እሱ ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ኮምፒውተር ፊት ሊያስቀምጣት፣ እኔም ከመሥሪያ ቤቴ ሆኜ ልቀርብላት ተስማማን።

ያስጨነቀኝ የእኔው ኮምፒውተር ነው። አንድ ገጽ ስከፍት ያቺ ክብ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ስክሪኑ ይነጣና ሁሉም ነገር ባለበት ድርቅ ይላል። «ስታክ አደረገ» እንላለን። እኛ ቢሮ የዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ዝናቡ ነበር። ሚዛን ላይ ዝናብ ስለማይጠፋ ሌላ ምክንያት የሚፈልግም አልነበረም።

አብራኝ የምትሠራው የሂሳብ ሠራተኛ የቤንች ልጅ ናት፤ ቀልድ ከአፏ አይጠፋም።

«እትዬ፣ ማሽኑም አብሮሽ የነቢያትን ጾም ያዘ እንዴ? ከጧት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም እኮ!»

ወንበሯን ስባ መጣችና ከስክሪኑ አናት ላይ የተደረደሩትን ስታይ ጮኸች።

«ውይ! ይሄ ሁሉ ምንድነው?»

የከፈትኳቸው ገጾች ናቸው። በየጧቱ የዕለቱን ስንክሳር ከኢንተርኔት አነባለሁ። አንብቤ ስጨርስ ግን መዝጊያዋን መጫን ይከብደኛል፤ በጻድቁ ፊት በር እንደመዝጋት ይመስለኛል። ስለ ዓይን ግፊት ያነበብኳቸውም ነበሩ፤ ምናልባት ተስፋ ያለው ነገር አልፎኝ እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ የማያቸው። ኮምፒውተሩን ማታ አጥፍቼው ብሄድም፣ ጧት ብራውዘሩ የትናንቶቹን ልመልስልሽ ወይ ሲለኝ ሁልጊዜ እሺ ነው መልሴ። እንዲህ እየተጠራቀሙ ተጠጋግተው ስማቸው እንኳ አይነበብም ነበር።

«ይሄማ ኢንተርኔት አይደለም፣ ንግሥ ነው» አለች። «መተላለፊያ የለውም!»

«ቅዱሳን ናቸው እኮ።»

«ቅዱሳኑ አይቀየሙሽም፣ እትዬ። ለእናትሽ ቦታ ይልቀቁላት።»

ሳቄ መጣ። አማትቤ አንድ በአንድ መዝጋት ጀመርኩ። ገጽ በግዕዝ ፊት ማለት እንደሆነ የዚያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አንድ ገጽ ለማየት ያን ሁሉ ገጽ ዘጋሁ። ስለ ዓይን የሚያወሩት ላይ ስደርስ ግን እጄ ዘገየ።

ቀጠሯችን ዓርብ ቀትር ላይ ነበር። ዓርብ የምሳ እረፍት ረዘም ይላል፣ ሙስሊሞቹ ባልደረቦቻችንም ወደ መስጊድ ይሄዳሉ፤ መስመሩን የሚሻማን የለም። ከባልደረባዬ ጋር መስመሩን ስንከፍተው እናቴ ወዲያው ስክሪኑ ላይ መጣች። ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ቀጥ ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች። የምታየው ግን ወደ መስኮቱ ነው።

«የት አለች?»

«እዚህ ጋ እማ፣ እዚህ!» ይላታል ወንድሜ።

እኛ ጋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር።

«የሚንጫጫው ምንድነው?» አለች።

«ዝናብ ነው እማዬ።»

«በኅዳር? እህሉ አውድማ ላይ እያለ?»

«እዚህ የሚሰጣው ቡና ነው።» በመስኮቱ ማዶ ሰዎች ቡናው ላይ ሸራ ሊጎትቱ ሲሯሯጡ ይታየኛል።

«እሱስ አይረጥብም?» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ ድምፅሽ ነው። ፊትሽ ግን ይሸሸኛል። በመርፌ ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ አገኘሁሽ ስል ታመልጪኛለሽ።»

እንድታየኝ ብዬ ወዲህም ወዲያም አልኩ። መጨረሻ ላይ ምን እንደጎደለ ልይ ብዬ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ስል ሁሉም ነገር ቆመ። ድምፁም ጠፋ። እናቴ መስኮቱን እያየች ቀረች። ልጠብቅ ወይስ ልዝጋው ብሎ የሚጠይቅ ሣጥን ብቅ አለ።

«ዝጊውና እንደገና እንክፈተው» አለች ባልደረባዬ። ማውሱ እየተጎተተ መዝጊያው ላይ ሲደርስ ስልኬ ጠራ።

«እንዳትዘጊው!» ወንድሜ ነው። «እታለም፣ ምንም እንዳትነኪ!»

«ስታክ አድርጓል እኮ።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። ፊትሽ እዚህ ደርቆ ቆሞላታል፣ እያየችሽ ነው!»

ስልኩን ወደ እሷ አስጠጋው። ትንፋሿ ይሰማኛል። በኋላ እንደነገረኝ፣ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጠግታ፣ በቀረላት ብርሃን ፊቴን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለች ትሄድበት ነበር። ስንቀሳቀስ የማመልጣት እኔ፣ አሁን ቆምኩላት።

«ይኸው ግንባርሽ» ትላለች። «ይኸው ቅንድብሽ። ተባረኪ፣ እንዲህ አርፈሽ ቁሚልኝ።»

ማሽኑ እንጂ እኔ አይደለሁም ያረፍኩት አላልኳት። ብላትም እውነት አይሆንም ነበር፤ እኔም ወገቤ እያመመኝ እንደጎነበስኩ ነበርኩ። ባልደረባዬም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ከጎኔ አልተንቀሳቀሰችም።

«አባትሽን መስለሻል» አለች እናቴ። «ዳዊት ሲደግም እንዲህ ዘንበል ብሎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ነበር። አንቺን ማን አስተማረሽ?»

አባቴ ሲሞት ገና ነፍስ አላወቅሁም ነበር። ዳዊት ሲደግም ምን እንደሚመስል ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ጥቂት ቆይቶ መስመሩ ተቋረጠ። «ሄደች» ስትል በስልኩ ሰማኋት፤ ድምፅዋ ግን የተከፋ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ለፋሲካ ስሄድ ብርሃኑ ጨርሶ ሄዶ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሁለት እጇን ዘርግታ ፊቴን ያዘች፣ ግንባሬን በጣቶቿ ዳሰሰችና ራሷን ነቀነቀች።

«እንዲህ አይደለም። እንደዚያ ቀን ዘንበል በይልኝ።»

ዘንበል አልኩ። ግንባሬንም ቋጠርኩ።

«እሱ ነው» አለች። እጇን አላነሳችም። እኔም እስክትጠግብ አልተንቀሳቀስኩም።