የአወድ ፉል ቤት በር

ነጅሚያ ሳልህ የጦርነትን መምጣት የምታውቀው ከሰው አበላል ነው። የመን፣ ዔደን ከተማ የነበረው የአባቷ ምግብ ቤት ከመቃጠሉ በፊት ደንበኞች ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በሩን እያዩ ይበሉ ነበር። በ2014 ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ባለው ፉል ቤታቸው አንድ ከሰሜን የመጣ ሾፌር ልክ እንደዚያ ሲበላ ስታይ፣ የያዘችውን ሰሃን ሳታቀርብ ቆማ ቀረች።

ቤቱን የከፈተው አያቷ አወድ ነው። ከሐድረመውት ተነስቶ በጅቡቲ በኩል የገባ የመናዊ ነበር። አልዩ አምባ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ አንዲት የአርጎባ ልጅ አገባ። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቶ ፉል መቀቀል ጀመረ። የሸዋ ባቄላ ከአገሬ ከየመኑ ይበልጣል ይል ነበር፤ ሚስቱን ለማስደሰት ይሁን ከልቡ አይታወቅም። ደርግ ሲመጣ ሰጋና ልጁን ሳልህን ገና በጎረምሳነቱ ዔደን ላሉት ዘመዶቹ ላከው። ሳልህ እዚያ አገባ፤ የራሱን ምግብ ቤት ከፈተ። ነጅሚያም የተወለደችው እዚያው ነው፤ አማርኛ የለመደችው ከአባቷና ወጥ ቤት ይሠሩ ከነበሩት ሐበሾች ነው።

በ2007 ዔደን ስትነድ ሳልህ ሚስቱን ቀብሮ፣ ልጁን ይዞ በጀልባ ባሕሩን ተሻገረ። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ አወድ ከሞተ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር። ሳልህ የጠበቀው የተዘጋ ቤት ወይም የሌላ ሰው ሱቅ ነው። በሩ ግን ክፍት ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ከውስጥ ወጣችና ዓይኗን አጥብባ አየችው።

«ሳልህ? የጋሼ አወድ ሳልህ?»

ትርንጎ ነበረች። የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ ሳልህ ከመሄዱ በፊት፣ በልጅነቷ ዕቃ ለማጠብ ተቀጥራ ነበር የገባችው። አወድ ሊሞት ሲል «ልጄ እስኪመጣ በሩን እንዳትዘጊ» አላት። አልዘጋችም።

ሦስቱ ተጋግዘው ቤቱን አሰፉት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ የደሴ መስመር ሾፌሩ ሁሉ ጠዋት እዚያ ነው። በዘይት የተሠራ ፉል ለጾምም ስለሚሆን ቄሱም ሼኩም ይገቡ ነበር። ደህና ዓመታት ነበሩ።

በዚያ የ2014 ኅዳር ቀን ከሰሜን የመጣው ሾፌር ከፍሎ ሲወጣ ነጅሚያ ተከተለችው።

«ወንድሜ፣ መንገዱ እንዴት ነው?»

«የምትሄጂበት ካለሽ ዛሬውኑ ሂጂ» አላትና ሞተሩን አስነሳ።

ወዲያው ከየሱቁ ጨው ጠፋ። ጎረቤት ያለው ሆቴል «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ፍራሽና ሕፃናት የጫኑ መኪኖች ከጣርማ በር በኩል ይጎርፉ ጀመር። ሳልህም ጫማውን ሳያወልቅ መተኛት ጀመረ።

አንድ ጠዋት ትርንጎ ሽርጧን አውልቃ ቆመች።

«እናቴን ከደብረ ሲና ላመጣ ነው።»

«እትዬ ትርንጎ፣ ሰው ሁሉ ከዚያ ሲሸሽ አንቺ ወደዚያ?» አለቻት ነጅሚያ።

«ሰው ሁሉ እናቱን ይዞ መጣ። የኔዋስ የታለች?»

ሰው ሊያመጣ በሚመለስ ባዶ አይሱዙ ተሳፍራ ሄደች። ቶሎ እመለሳለሁ ብላ ነበር። አልተመለሰችም፤ ስልኳም አይሠራም። ከጣርማ በር በኩል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሰዎች «ነጎድጓድ ነው» ይባባላሉ። ኅዳር ላይ ነጎድጓድ እንደሌለ ግን ሁሉም ያውቃል።

የነጅሚያ የአጎት ልጅ ከአዲስ አበባ መኪና ላከላቸው። ሻንጣውን ጫነችና አባቷን ልትጠራ ተመለሰች። ድስቱ አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው።

«አባ፣ ተነስ! የዔደኑን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ምን እየጠበቅህ ነው?»

«ትርንጎን ነዋ። እሷ እኔን ስንት ዓመት ጠበቀችኝ? ተመልሳ በሩ ዝግ ሆኖ ታግኘው?»

ነጅሚያ ተቆጣች፤ አለቀሰች። ወጥታ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች። ሾፌሩ «እንሂድ?» ሲላት ከመኪናው ወረደች። ሻንጣውንም አወረደች፤ መኪናው ባዶውን ሄደ። እሷም ያደረገችው ልክ ይሁን ስህተት አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ ለተፈናቃዩ ፉል ቀቀሉ። አባትና ልጅ ያገኙትን ሁሉ ይጠይቃሉ፦ ረዘም ያለች፣ አሮጊት የያዘች ሴት አላያችሁም? ያየ የለም።

ታኅሣሥ ላይ ውጊያው ከአካባቢው ራቀ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ትርንጎ መጣች። ብቻዋን ነበረች፤ እግሯ ላይ የነበረው የወንድ ጫማ ነው።

«እማማስ?» አላት ሳልህ።

«ቀበርኳት።»

እጇን ታጥባ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃ በወደቀ ቁጥር ግድግዳ ይዛ ትቆማለች።

ክፉው አለፈ ተብሎ ነበር። ሳልህ አምና በሕመም ዐረፈ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ከቤቴ ነው የምሄደው» ብሎ ነበር። ቤቱ ለነጅሚያ ቀረ። ዘንድሮ ግን ሌላ ውጊያ ተነስቶ መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ሾፌሮች ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ለመድረስ ሳያኝኩ ይውጣሉ። ከቋሚ ደንበኞች አንዳንዶቹ መምጣት አቁመዋል፤ የት እንደገቡ የሚጠይቅ የለም። የአጎቷ ልጅ አሁንም ይደውላል።

ባለፈው ሳምንት ነጅሚያ ትርንጎን አዲስ አበባ አብረው ይሄዱ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«እኔ ደግሞ ወዴት እሄዳለሁ?» አለች ትርንጎ። «አንቺ ግን ልጅ ነሽ። ሂጂ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነጅሚያ እንደ ልማዷ ለነገ የሚሆነውን ባቄላ ልትዘፈዝፍ ተነሳች። ከጆንያው መሥፈር ጀመረች፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ለቀሩት ደንበኞች ይህ ይበቃል ብላ የጆንያውን አፍ አሰረች፤ የሰፈረችውንም ውኃ ውስጥ ጨመረችው።