ሶፍያ ሀዋሳን ያወቀችበት ስኩተር

ሶፍያ ከቡታጅራ ተድራ ሀዋሳ ስትመጣ የምታውቀው ሰው ባሏን ሱሌይማንን ብቻ ነበር። ሱሌይማን ከአገር ቤት የመጣለትን በርበሬ አስፈጭቶ፣ በሞተር ሳይክሉ ለየሰፈሩ ሱቆች የሚያከፋፍል ሰው ነው። እሷ ቤት ቁጭ ብላ ትመዝናለች፣ ታሽጋለች፤ ከተማዋን ግን ከሰፈሯ ጉሊትና ከመስጊዱ ወዲያ አታውቃትም። እናቷ ደውላ «ሀዋሳ እንዴት ናት?» ስትላት «ደህና ናት» ትላለች። ሌላ የምትለው አልነበራትም።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ባጃጅ ድንገት ታጠፈበትና ሱሌይማን ከነሞተሩ ወደቀ። እግሩ ተሰብሮ በጄሶ ታሰረ፤ ሞተሩም ተበላሽቶ ቆመ። በርበሬው ቤት ተከምሮ ቀረ። ደንበኞቹ መጀመሪያ እየደወሉ ነዘነዙ፤ የሚያደርስላቸው ሲያጡ ግን አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሶፍያን ያስፈራት ዝም ማለታቸው ነው።

«እኔ አደርሳለሁ» አለችው።

«በምን? ደግሞስ የትኛውን መንገድ አውቀሽ?»

«አንተስ ስትመጣ ታውቀው ነበር?»

በማግስቱ ሀይቅ ዳር ሄዳ፣ ለጎብኚዎች የኤሌክትሪክ ስኩተር የሚያከራየውን ኢዮስያስን አገኘችው። ልጁ ሻርፗንና ረጅም ቀሚሷን አየት አድርጎ «እህቴ፣ ይኼ እኮ ለእንግዳ ነው፤ ከተማ ለሚያይ» አላት።

«እኔም እንግዳ ነኝ። ከተማዋን አላየኋትም።»

ሳቀና ሜዳ ላይ ወስዶ ያለማምዳት ጀመር። መሪውን እንደሚዋጋ በሬ ቀንድ ጨምድዳ ይዛ ስትወድቅ፣ ስትነሳ ሰነበተች። «ላላ አድርጊው፤ ዐይንሽም ጎማው ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት ይሁን» ይላታል። ሲዋጣላት፣ ስኩተሩን በቀን ኪራይ ወስዳ፣ ቀሚሷን ከሱሪ በላይ አሳጥራ፣ በርበሬውን በሁለት ከረጢት ከኋላ አስራ ወጣች።

የሱሌይማን ምሪት የጉድ ነው። «ከወፍጮ ቤቱ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሰማያዊ በር ታገኛለሽ።» ሰማያዊው በር አረንጓዴ ተቀብቶ ጠበቃት። ወደ ቱላ ነው ብላ የያዘችው መንገድ ቡሹሎ አደረሳት፤ ከበቆሎ ማሳ መሀል ብቅ ስትል ሀይቁን ከማታውቀው ወገን አየችውና ስኩተሯን አቁማ ጥቂት ቆመች። ማሳው ዳር ያገኘቻቸውን ሴቶች በአማርኛ ብትጠይቅ በሲዳሙ አፎ መለሱላት፤ ያልገባትን በእጃቸው አሳዩዋት። በነጋታው ስታልፍ እሷ ቀድማ በቋንቋቸው ሰላም ልትል ሞከረች፤ አንደበቷ ቢኮላተፍም ሳቁላት።

ቱላ የሄደች ዕለት ግን ዝናብ ቀደማት። ጭቃው ላይ ጎማው ከዳትና መሬት ላይ ተዘረረች፤ ከከረጢቶቹ አንዱ ተቀዶ በርበሬው ከላይ እስከ ታች አለበሳት። መዳፏ ተልጦ ነበርና ቃጠሎው እስከ አናቷ ወጣ። እንባዋ እየወረደ የሱሌይማን ደንበኛ የወይዘሮ ወርቄ ሱቅ ደጃፍ ደረሰች።

«ውይ ልጄን! ማን ነሽ አንቺ?»

«የሱሌይማን ሚስት ነኝ፣ እማማ። በርበሬ ይዤልዎት መጣሁ።»

«ይዘሽ አይመስለኝም፤ ለብሰሽ ነው እንጂ!» አሉና እየሳቁ ወደ ውስጥ ሳቧት። እጇን በዘይት አሽተው በሳሙና አጠቡላት፤ በንጹህ ጨርቅም አሰሩላት። ቀጥለው እውነቱን ነገሯት፦ «አላታልልሽም፤ ባልሽ ሲጠፋብኝ ከሌላ ሰው ይዣለሁ። አሁን ያንን ሰው አላስቀይምም።»

ሶፍያ ያልተቀደደውን ከረጢት አየችው። ያን ሁሉ መንገድ ለዚህ ነው የመጣችው? ወይዘሮ ወርቄ ፊቷን አይተው ቀጠሉ፦ «ይልቅ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ አዲሶቹ ቤቶች ጋ ሱቅ የከፈቱ አሉ። መንገዱ አይመችም እያለ አከፋፋዩ ሁሉ ይሸሻቸዋል። የእህቴ ልጅም እዚያው ናት።»

«በየት በኩል ነው?»

«ዛሬ? በዚህ እጅሽ?»

«የታመመው እጄ ነው፣ እማማ። ስኩተሯ ደህና ናት።»

ሄደች። በሸሚዛቸው እጅጌ አፍንጫቸውን እየሸፈኑ ያናገሯት ባለሱቆች ነበሩ፤ እሷ ግን ያልተቀደደውን ከረጢት ፈታ በርበሬውን በማንኪያ እያቀመሰች፣ ባዶ ሳታደርገው ወደ ቤቷ አልዞረችም። በሳምንቱ ተመለሰች፤ በሳምንቱ ደግሞ እንደገና። ባትሪው ሲደክምባት የወይዘሮ ወርቄ እህት ልጅ ሱቅ ውስጥ ትሰካዋለች፤ እስኪሞላም ሰፈሩን በእግሯ ታስሳለች።

ሱሌይማን ጄሶው ተፈትቶለት፣ ሞተሩም ተጠግኖ የመጣ ዕለት በደስታ «ከነገ ጀምሮ እኔ እወጣለሁ። አንቺ በቃሽ፣ እረፊ» አላት።

ሶፍያ በርበሬ ማሸጓን አላቋረጠችም። «የአንተን ደንበኞች ውሰድ። የምሥራቆቹ ግን የእኔ ናቸው።»

«ሶፍያ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ‹በርበሬው መቼ ይመጣል?› ነው የሚለው። ጠይቃቸው።»

ሱሌይማን ካሸገችው አንዱን አንስቶ በእጁ መዘነው። መጨረሻ ላይ «እሺ፣ መንገዱን ታሳይኛለሽ?» አላት። በነጋታው ስኩተሩ ላይ ከኋላዋ ተቀምጦ ወጣ። ገና ከዋናው መንገድ ሳትታጠፍ «ቀስ በይ እንጂ!» እያለ ወገቧን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ቀስ አላለችም።