ከዚህ ጂንካ ስንት ይፈጃል?

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ካለው የአውሮፕላን ትኬት ቢሮዬ ፖሊሶች ሲወስዱኝ አንድ ተሳፋሪ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዋጋ እየጠየቀኝ ነበር። በስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር መዘዝ እንደሚያመጣ ወዳጆቼ ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም። ያስገቡኝ የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቀትር ላይ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል።

ፍራሻቸውን ለሁለት አካፍለው ያስተኙኝ አንድ የጂንካ ነጋዴ ናቸው። ሸቀጥ ሊጭኑ አርባ ምንጭ በመጡበት ነው የተያዙት፤ ጥፋታቸው ወጣቶች ሱቃቸው ጓሮ ተሰብስበው መነጋገራቸው ነው። ስንቅ የሚያመጣላቸው እዚያው ከተማ ሲቀላ ሰፈር የሚነግድ አማቻቸው ነበር። እኔ ሳልቆርስ እሳቸው አይቀምሱም።

አንድ ጠዋት አማቻቸው ስንቁን ይዞ ሲመጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። የነጋዴው እናት ጎህ ሲቀድ ጂንካ ላይ አርፈዋል። በሃይማኖታቸው ሬሳ አያድርም፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። እሳቸው ደግሞ የበኩር ልጅ ናቸው።

የጣቢያው ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። እሳቸውን አስጠራ፤ ሥራዬን ስለሚያውቅ እኔንም አብሮ አስጠራኝ። የፈቃዱ ወረቀት ተጽፎ ማኅተም ብቻ ቀርቶታል።

"በመኪና ከሆነ በኮንሶ ዞሮ ሄዶ መመለሱ አዳር አለው። አዳር አልፈቅድም" አለ። "በአውሮፕላን ከሆነ ግን ከአጃቢ ጋር ደርሰው ይመለሱ። አንተ፣ ከዚህ ጂንካ ስንት ይፈጃል?"

"አንዴ ከተነሳ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው" አልኩ።

ማኅተሙን አነሳ። እዚህ ላይ አፌን መያዝ ነበረብኝ። ግን ልማድ ክፉ ነው፤ እኛ ዘንድ ተሳፋሪን አሳስቶ መሸኘት ነውር ነው።

"ቀጥታ በረራ ግን የለም" ብዬ ጨመርኩ። "አዲስ አበባ ዞሮ ነው የሚኬደው። ዛሬ አይደረስም።"

ማኅተሙን መልሶ አስቀመጠ። "እንግዲህ ሰሙ፣ አባቴ" አላቸው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አማቻቸው በር ላይ መኪና አስነስቶ ቆሟል። ወረቀቱ አንዴ ከታተመ አውሮፕላኑ ኖረ አልኖረ ማን ይጠይቃል? በዚያ መኪና ቢከንፉ ለአፈሩ ይደርሱ ነበር።

እሳቸው አልለመኑም። አማቻቸውን ብቻ ጠሩት። "እኔን አትጠብቁኝ በላቸው። እናቴን ፀሐይ ላይ አታቆዩብኝ።"

ክፍላችን ገብተው በመጠጥ ውኃቸው ታጠቡ። ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ያስቀመጡትን ነጭ ሸሚዝ ለበሱ። ሳንነጋገር ፍራሾቹን ሰብስበን ቦታ ለቀቅንላቸው። ሲሰግዱ እኔ፣ ክርስቲያኑ፣ ጫማዬን አውልቄ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ" አልኳቸው ሲጨርሱ።

"እውነት ተናግረህ ይቅርታ ትጠይቃለህ እንዴ፣ ልጄ?" አሉና ስንቁን ፈትተው መጀመሪያ ለእኔ ቆረሱልኝ።

ሁለታችንም ከተፈታን ቆየን። እኔ ወደ ቢሮዬ ተመልሻለሁ፤ እሳቸው ወደ አርባ ምንጭ በመጡ ቁጥር ሳይጠይቁኝ አያልፉም። ይስቃሉ፣ ይጫወታሉ፤ ያንን ቀን አንስተውት አያውቁም። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል። የመሸባቸው ግን እሳቸው ናቸው። ኃላፊው የጠየቀኝ ስንት እንደሚፈጅ ብቻ ነበር።