ዓሣ ያረድኩበት ቀን

ባለፈው ወር ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ ባለችው ሱቄ በር ላይ ከእኔ ቁመት የማይተናነስ ካርቶን ተጋድሞ አገኘሁ። በረዶው ገና አልተጠረገም፤ ያመጣው ሰውዬ አስቀምጦት ወደ መኪናው ሮጧል። የመጋረጃ ዘንግ መስሎኝ ከፈትኩት። የዓሣ ጦር ነው፤ ጥቁር፣ ቃታ ያለው፣ ይዘኸው መንገድ ብትወጣ ፖሊስ የሚያስጠራብህ ዓይነት። ያዘዘችው ልጄ ሂክማ ናት። በመጋቢት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ፍሎሪዳ ሊወርዱ ነው፤ ጀልባ ተከራይተው፣ ጠልቀው፣ ኮራል በሚባለው የባሕር ድንጋይ መሐል የሚውለውን ዓሣ ሊወጉ። እኔንም ጋብዛኛለች። የጋበዘችኝ ለምክር ይሁን ሻንጣ ለመጠበቅ ገና አልተነገረኝም።

ከሥራ ስትወጣ ሱቅ ጎራ አለች። ሪተርን አድርጊው አልኳት።

«ባባ፣ ኢትስ ዘ ቤስት ዋን» አለችኝ። ሪቪውን ሁሉ አንብባለች።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሸቀጥ ስገዛና ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከሁሉ ምርጥ የተባለ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሻጩ ቶሎ ሊገላገለው የፈለገው ነው። ቃታ ያለው ጦር ከሩቅ እንድትተኩስ ያባብልሃል። ከሩቅ የተወጋ ዓሣ ጦሩን ይዞ ድንጋይ ሥር ይገባል፤ እሱም እዚያው ይሞታል፣ ጦሩም እዚያው ይቀራል፣ አንተም ባዶ እጅህን ትወጣለህ። እኔ የምወደው ተራውን ዘንግ ነው። ጫፉ የሾለ ብረት፣ ጭራው ላይ የላስቲክ ቀለበት። ላስቲኩን አውራ ጣትህ ላይ ታጠልቀዋለህ፣ እጅህን ዘንጉ ላይ ወደ ፊት ሰደህ፣ ላስቲኩን ወጥረህ ትጨብጣለህ፣ ስትለቀው ይወነጨፋል። ብዙ አይሄድም፤ ስለዚህ የግድ መቅረብ አለብህ። መቅረብ ደግሞ እንደ ገበያ ነው። የፈለግከውን ዕቃ ትኩር ብለህ ካየኸው ባለቤቱ ይነቃብሃል። ዓሣንም ፊት ለፊት አታየውም፤ ሌላ ጉዳይ ያለህ መስለህ በጎን ታልፈዋለህ።

ይህን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። አንድ የአፋር ሰው አልኳት። ወዲያው ደንበኛ ገባና ወሬው ተቋረጠ። ለእሷ ሳልጨርስ የቀረሁትን እዚህ ልጨርሰው።

የተወለድኩት ባቲ ነው። አባቴ የፍየል ነጋዴ ነበር፤ እኔም በእግሬ ከመሄዴ በፊት የፍየል ጥርስ አይቼ ዕድሜውን መናገር ሳልጀምር አልቀርም። ጢም ማቀምቀም ስጀምር አባቴ አሰብ ላለ ዘመዳችን ፍየል እንዳደርስ በጭነት መኪና ሰደደኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ነፋሱ እንደ ምድጃ አፍ ይገርፈን ነበር። ሎጊያ ላይ የጠጣሁት ሻይ ስኳሩ ከውኃው ይበልጣል፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣመኝ ሻይ የለም። ፍየሎቹን አስረክቤ በመጣሁበት መኪና መመለስ ነበረብኝ። ግን መኪናው ጭነት ሲጠብቅ ሰነበትንና ባሕር ዳር ወረድኩ። አንዱ የመጥለቂያ መነጽሩን አውልቆ እስቲ ግባና እይ አለኝ። ዋና የተማርኩት ቦርከና ወንዝ ውስጥ ነው፤ እዚያ ዓይንህን ብትገልጥ የሚታይህ ጭቃ ነው። እዚህ ፊቴን ውኃ ውስጥ ስከት ከተማ አየሁ። ቢጫ ዓሣ፣ ባለ መስመር ዓሣ፤ አንድ ሰማያዊ ደግሞ እንደ በቀቀን አፍ አውጥቶ ድንጋይ ይቆረጥማል፤ ሲቆረጥም ድምፁ ይሰማል። ከውኃው ስወጣ የባቲ መንገድ ጠፍቶኝ ነበር ብል አላጋነንኩም።

መነጽሩን ያዋሰኝ የአፋር ሰው ሁመድ ይባላል። ጀልባ ነበረው፤ ነፋሱ ሲበርድ ከሰዎቹ ጋር ወደ ደሴቶቹ ወጥቶ ለሳምንታት ዓሣ ይወጋል። ከሰዎቹ አንዱ ሊያገባ አገሩ ገብቶ ስለነበር ቦታ ተከፍቷል። አያ ሁመድ ውሰደኝ እያልኩ ተከተልኩት። ዘንጉንም እሱ ሰጠኝ፤ ከግንባታ ፌሮ የተሞረደ ብረት፣ ላስቲኩ ከጭነት መኪና ጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ። እግሬን ኮራሉ እንዳይቆርጠኝ በረባሶዬን አድርጌ ነው የምዋኘው፤ ሰዎቹ በዚህም ይስቁብኝ ነበር። ጥቂት ቀን ሲያይኝ ሰነበተና መኪናዬ ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው ቁርጡን ነገረኝ።

«ነገ ከእኛ ጋር ትገባለህ። ዓሣ ከያዝክ ደሴት ትሄዳለህ። ካልያዝክ መኪናህ አለልህ፣ አባትህ ጋ ግባ።»

በማግሥቱ ወደ ቅርቡ ድንጋይ ወጣን። የሁመድ ሁለት ሰዎች በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ገባን፤ ሁመድ ጀልባው ላይ ቀረ። ብዙ ጠለቅኩ፣ ብዙ ሳትኩ። ረፋዱ ላይ ሐሙር የሚሉትን ዓሣ አየሁ፤ አፈ ሰፊ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ እንደ ባለ ሱቅ ደጁ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከት። እንደተማርኩት በጎን አለፍኩት። ተናቅኩ ብሎ ነው መሰለኝ ትንሽ ወጣ አለ። ዘንጉን ለቀቅኩት። ከጭንቅላቱ ኋላ ገባበት።

ጀልባው ሩቅ ነበር፤ ውኃው ስለ ሸሸ ብቅ ያለ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ዓሣው አልሞተም፣ ይንደፋደፋል። ያን ጊዜ የባቲ ልጅነቴ መጣ። ነፍሱ ያልወጣ እንስሳ እጅህ ላይ ካለ ታርዳለህ፤ ካልታረደ አይበላም። ለዓሣ ሕጉ ሌላ መሆኑን ማን ይንገረኝ? በባቲ ገበያ ዓሣ አይሸጥም። ቢላዬን መዘዝኩ፣ የወደቡ መስጊድ ወዴት እንደሚዞር አስቤ ቂብላውን ገመትኩ፣ ቢስሚላህ ብዬ አንገቱን ፈለግኩ። ዓሣ አንገት የለውም። እያገላበጥኩ ቆይቼ በሚተነፍስበት ስንጥቅ በኩል አረድኩት። ደሙ ድንጋዩን አጥቦ ባሕሩ ውስጥ ገባ።

ሁመድ ያን ያህል ፈጥኖ ሲቀዝፍ አይቼው አላውቅም። ሰዎቹን እየጮኸ ሰበሰባቸው፣ እኔንም ክንዴን ይዞ ጎትቶ ጀልባው ውስጥ ጣለኝ። ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ደሙ የጠራው የሻርክ ክንፍ በድንጋዩ ጥግ ሲዞር ሳይ ነው። ማንም አልተነካም፤ ሥራው ግን በዚያው ተፈታ። ሁለቱ ሰዎች ድንጋጤው ሲለቃቸው ሳቅ ያዛቸው። አንዱ ቆዳውን ለማን ልትሸጠው ነው አለኝ። ሌላው ኩላሊቱን ለእኔ አስቀምጥልኝ አለ። ሁመድ አልሳቀም። ነገ መኪናህ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠይቅ አለኝ።

ያን ሰሞን የወደቡ የበረዶ ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር ዓሣው እርጥብ ጆንያ ለብሶ ነው የዋለው። ከዐስር ሶላት በኋላ ለሾፌሮች ምግብ ከምትሠራው የደሴ ሴት ከእቴ ዘይነባ ቤት ይዘነው ሄድን። እቴ ዘይነባ ዓሣውን በጀርባው ሰንጥቃ፣ በርበሬ ለቅልቃ ምድጃው ውስጥ ነው የምትጠብሰው። ከመሰንጠቋ በፊት ግን አንድ በአንድ ታሸታለች፤ እንደ ገበያ ቅቤ። የሰዎቹን ዓሣ አሸተተችና ፊቷን አጨማዳ ወደ ጎን አደረገች። የእኔ ጋ ስትደርስ ሰነጠቀችው፤ ሥጋው ነጭ ነው። ደግማ አሸተተችው። ማን ያዘው አለች። ሰዎቹ ሳቃቸው ተመለሰባቸው፤ እየተቀባበሉ ነገሯት።

«ሳቁ እናንተ» አለች። «ሁመድ፣ ከእንግዲህ ያልታረደ እንዳታመጣብኝ።»

«ዓሣ እኮ ሳይታረድም ሐላል ነው» አላት።

«ሐላልነቱን መች ካድኩህ? እኔ የምልህ ስለ ሽታው ነው።»

ዓሣው ተጠብሶ መጣ። ትኩስ ቂጣ፣ የተደቆሰ ቃሪያ፣ ያው የእኔው ሐሙር። ሁሉም እጁን ወደ እሱው ደጋገመ። ነገ ወደ ባቲ ስለምሄድ እኔ ቂጣውን ቆርሼ በእጄ እንደያዝኩ ነው፤ ከአሁኑ ጭነት መኪናው ሞተሩን ሲያሞቅ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ሁመድ ከጉንጩ ሥር ያለችውን ለስላሳ ሥጋ ፈልቅቆ ፊቴ አስቀመጠልኝ።

«ባቲ፣ ጀልባ ላይ እረድ» አለኝ በአገሬ ስም ጠርቶ። «ባሕር ውስጥ አንዲት ጠብታ ብትጥል ግን የማርደው አንተን ነው።»

ቂጣዬን ወዲያው ጠቅልዬ ጎረስኩ። ሾፌሩን ለአባቴ ወደብ ላይ የማረድ ሥራ አግኝቷል ብለህ ንገርልኝ አልኩት። አባቴ ልጁ ሥጋ ቤት የገባ መስሎት ደስ አለው አሉ።

ደሴቶቹ ላይ የሆነውን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። ጠዋት ጠዋት ባሕሩ እንደ ዘይት ይተኛል፤ ትንፋሽህን ይዘህ ስትወርድ ጆሮህ ውስጥ የሚሰማህ የራስህ ልብ ብቻ ነው። የያዝነውን ሁሉ ጀልባው ላይ፣ አሸዋ ባለበት ባልዲ ውስጥ አርድ ነበር። ከሁሉ ያስቸገረኝ ቂብላው ነው፤ ጀልባ አንድ ቦታ አይቆምም። ሁለቱ ሰዎችም ቆይተው ቢላ ያዙ። ኩላሊት አስቀምጥልኝ ያለኝ ሰውዬ ጭራሽ አስተራረድህ ልክ አይደለም እያለ ያርመኝ ጀመር።

ከብዙ ዘመን በኋላ እዚህ ሚኒሶታ ሂክማ በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ። ባሕር ያሳደጋቸው ሰዎች ዓሣውን እንደያዙ ደሙን ያፈሳሉ፤ ሥጋው እንዲቆይ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው ፍየል ብቻ ነው። አሁንም ሱቄ ሥራ ፈልገው የሚመጡ አዲስ ሰዎች አገር ቤት የሠሩትን ሲጠየቁ አፍረው ሲውጡት አያለሁ፤ እስኪናገሩ ድረስ ሻይ እያስቀዳሁ አቆያቸዋለሁ።

ሂክማ ጦሩን አልመለሰችውም። እሁድ እሁድ ሪችፊልድ መዋኛ ገብተን ትንፋሽ መያዝ እንለማመዳለን። ትናንት የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጓደኞቿ ሁሉ ባሕር እየወረዱ ያደጉ መሆናቸውን ነገረችኝ፤ እሷ የምታውቀው በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ መሄድ ብቻ ነው፤ ይስቁብኛል ብላ ፈርታለች። በእንግሊዝኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው፤ የምር ሲሆንባት እንደዚያ ታደርጋለች።

«ይሳቁ» አልኳት። «የምታውቂውን ይዘሽ ግቢ። ማን ምን እንዳወቀ እራት ሲቀርብ ይታያል።»

መነጽሯን አጠለቀችና ወረደች። ቶሎ አልወጣችም። እኔ ደስ አለኝ፤ ዋናተኞችን የምትጠብቀው ልጅ ግን ከወንበሯ ብድግ አለች።